ለምናለ መኪና የተቀረጸ ጎሚኒ

ደረሰ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ከጎረቤቴ ከንግሥቴ ቶርኖ ቤት የሚለየኝ አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ። እሷ ቶርኖዋ ላይ ብረት ስትልግ የእኔ የስፌት መኪና አብራ ትንቀጠቀጣለች፣ ክሩ ይዘላል፣ ባለ ሱሪው መጥቶ «ደረሰ፣ ምነው ስፌቱ እንዲህ ተንጋደደ?» ይለኛል። እኔም ግድግዳውን በመቀሴ እጀታ እደበድባለሁ። እሷ ደግሞ በመዶሻ ትመልስልኛለች። ስንት ዓመት እንዲህ እየተደባደብን ተዋደድን። የጎረቤት መዋደድ ነው የምላችሁ፤ ባለቤቴ ወለተ ሐና ይህን ታነበዋለችና ሌላ ነገር አታስቡ።

ንግሥቴን ስትሠራ ያላያት ሰው ቁጡ ናት ይላል። ስትሠራ ያያትም ይህንኑ ይላል። ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ ታስራለች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስባለች፣ ቶርኖው እየዞረ ሳለ የሚያናግራት ሰው ካለ ጀርባዋን ሰጥታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ከንቲባም ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። ሥራዋን ስትጨርስ ግን ሳቂታ ናት፤ ያን ጊዜ ነገር ትወዳለች፣ ትተርባለች፣ እኔን በተለይ አትምረኝም።

ቡሬ ውስጥ ከእሷ አፍ የሚወጣ «ልክ ነው» የሚል ቃል ክብደት አለው። ባለ ወፍጮው፣ የአይሱዙ ሹፌሩ፣ ባለ ባጃጁ ይህን ቃል ከሰማ ዕቃውን ሳይሞክር ተሸክሞ ይሄዳል። ልክ ነው ካላለች ደግሞ ማንም ቢለምናት አትሰጥም። አንድ ቀን አንድ ባለ ወፍጮ ትንሽ ቢላላም ግድ የለም፣ ለጊዜው ይሥራልኝ እያለ ሲማጸናት በግድግዳው ሰማሁ። ለጊዜው የሚባል ልክ አላውቅም አለችና ዕቃውን ቁርጥራጭ ብረት ክምር ላይ ወረወረችው። ሰውየው ሰድቧት ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

የተወለደችው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ባለ መንደር ነው። አባቷ አቶ ስመኘው ሞፈርና ቀንበር የሚጠርቡ፣ የአካባቢው ገበሬ ሁሉ ደጃቸውን የሚረግጠው ሰው ነበሩ። የእንጨትን ጠባይ ያወቀችው ከእሳቸው ነው። ከዚያ ፍኖተ ሰላም ገብታ ብረታ ብረት ተማረች፣ አገባች፣ ወለደች። ባሏ ለሥራ ብሎ ዳንግላ ሄደና እዚያው ሌላ ትዳር መሥርቶ ቀረ። እሷም ይቅናው ብላ ቶርኖዋን አቆመች። ልጇን ምናለን ያሳደገችው በዚያች ቶርኖ ነው፤ ከእሱ ሌላ የላትም።

የቶርኖ ሠራተኛ ዓለምን የሚያያት በተሰበረችበት በኩል ነው። ደህና የሚሄድ መኪና ንግሥቴ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል? የሚመጣው የተቆረጠው፣ የጎበጠው፣ ቁልቁለት ላይ ባለቤቱን የከዳው ነው። አንዳንዱ ብረት ደም ነክቶት ይመጣል፤ እሱን ሳታጥብ አትሠራውም፣ ስታጥበውም ማንንም አታናግርም። ስለዚህ ምናለ የውድድር መኪና ልሠራ ነው ብሎ ሲነሣ ሰፈሩ በሙሉ አጨበጨበ፣ እናቱ ግን እህል አልበላ አላት።

መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ጡረታ በወጡ አንድ መምህር ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ እንቁላል ሲጥልባት የኖረች ነበረች። ምናለ ከባጃጅ ሥራው በሚተርፈው ጊዜ ወንበሮቿን ነቅሎ ጣለ፣ ውስጧን በብረት ቱቦ በየደው፣ ሞተር ከሌላ መኪና አምጥቶ ነፍስ ዘራባት። ልዑልሰገድ የሚባል ጓደኛው ብርቱካን ቀለም ቀባት። ቀለሙን እኔ አልወደድኩትም፤ የጠየቀኝም የለም። ከመስቀል በኋላ፣ ከከተማው ወጥቶ ወደ ቆላው በሚወርደው የጠጠር መንገድ ላይ ውድድር ይደረጋል ተብሎ ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም የሚመጡ እንዳሉ ተወርቶ ነበር።

አሁን ስለ ጎሚኒ ልንገራችሁ። የፊት ጎማን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ አለ፤ መካኒኮቹ ብራቾ ይሉታል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ብራቾው ከፍ ዝቅ ይላል። ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት የብረት ቀለበት ውስጥ ደግሞ አንድ መሃሉ የተበሳ የላስቲክ ቁራጭ ይገባል፤ ጎሚኒ የሚባለው እሱ ነው። ከሕፃን ጡጫ አይበልጥም። እሱ ከላላ ጎማው ወዳሻው ያያል፣ ሹፌሩ ወደ ቀኝ ሲል መኪናው ወደ ግራ ይላል። ይህን ካወቃችሁ ይበቃል፤ እኔም የማውቀው በግድግዳ ሰምቼ ነው።

ሚያዝያ ላይ ምናለ ከገበያ የገዛውን ጎሚኒ ራሱ ገጥሞ ሊሞክር ወጣ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ወደ ግራ ጎትታ የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ከተተችው። ቅንድቡ ተሰፍቶ ቤቱ ገባ። ንግሥቴ ቁስሉን አየችና በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዳ በክሪክ አነሣቻትና ብራቾውን ፈታች። ላስቲኩ ተበጣጥሷል። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ምናለ ቡሎኑን አጥብቆት ኖሮ መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ቀርቷል፤ ድሮውንም ላስቲኩ የረባ አልነበረም። ይዛው ወጣችና ልጇ ፊት ጣለችው።

«ከእንግዲህ በገበያ ላስቲክ አትወጣም» አለችው። «እኔ እሠራልሃለሁ። ልክ ካልሆነ ግን አይሆንም እልሃለሁ፤ ያን ጊዜ ውድድሩን ትተዋለህ።»

«እሽ እምየ።»

«ማልልኝ እንጅ።»

«ሚካኤልን።»

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነው። ልጇ እንዲወዳደር ፈጽሞ አትፈልግም። ልጇን ሊመልሰው የሚችለው ደግሞ በዚህ ምድር ላይ የእሷ «አይሆንም» ብቻ ነው፤ ምናለ ምለህ ከዳህ የሚባል ልጅ አይደለም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን በማግስቱ አይሆንም ብዬው ተኝቼ አድር ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አልለካሁትማ» አለችኝ።

ላስቲክ ቶርኖ ላይ አይያዝም። ስለዚህ ጎሚኒውን ከናይለን ልትቀርጸው ወሰነችና በአንድ ሹፌር በኩል ከመርካቶ ክንድ የሚያህል ነጭ የናይለን ዘንግ አስመጣች። ሥራው ሁለት ልክ አለው። በውጭ በኩል ናይለኑ ከብራቾው ቀለበት በፀጉር ያህል መብለጥ አለበት፣ በፕሬስ መጫኛ ተጨንቆ ገብቶ ንቅንቅ እንዳይል። በውስጥ በኩል ደግሞ ቡሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለ፤ በዚያ ቱቦ ላይ ያለ ምንም ጭንቅ መዞር አለበት። ችግሩ በውጭ ሲጨነቅ የውስጡም ቀዳዳ አብሮ ይጠብባል። ምን ያህል እንደሚጠብ አስቀድማ ገምታ ያንኑ ያህል አስፍታ መብሳት ነው ሥራዋ። እኔም እጅጌ ስገጥም የምጨቃጨቀው ከዚሁ ጋር ነው፤ የእኔ ግን በመርፌ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል።

ገጥማ ስትጨርስ ብራቾውን በእጇ ወደ ላይ ታነሣዋለች፣ ትለቀዋለች። በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ዱብ ካለ ጎሚኒው ላልቷል፤ ካነሣችው ቦታ ላይ ከቀረ ጠብቋል። ብዙ ቀርጻ ጣለች። አንዱ ዱብ ይላል፣ አንዱ ይንጠለጠላል። ከቶርኖው የሚወርደው ነጭ የናይለን ጥብጣብ ደጃፍ ላይ ተከምሮ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ እግሩ ተጠላልፎበት ይንጫጫ ነበር። እኔም ግድግዳ መደብደቡን ተውኩ፤ አሳዘነችኝ። ልጇን ከቤት የሚያስወጣ ነገር በገዛ እጇ ልታሳምር ስትለፋ ማየት ደስ አይልም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳይገባ፣ ብራቾው ተነሥቶ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ወረደ። ደግማ አነሣችው፤ ደግሞ ወረደ። «ልክ ነው» አለች፤ ድምጿ የመርዶ ነጋሪ ነበር። ምናለ ጉልበቷን ስሞ መኪናዋን አስነሥቶ ወጣ። ሲመለስ መሪውን በአንድ ጣት ይዤ ነዳኋት ብሎ ለእኔ፣ ለወለተ ሐና፣ ለመንገደኛው ሁሉ አወራ። እናቱ ቶርኖዋን አጥፍታ ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ምናለ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። መሪው ከበደኝ፣ የመኪናዋ ፊት በየጉድጓዱ ይዘላል፣ ጎማው መሬት አልይዝ አለ ይላል። ንግሥቴ መኪናዋን አነሣች፣ ጎማውን ፈታች፣ ብራቾውን ወደ ላይ አነሣችና ለቀቀችው። አልወረደም። ካነሣችው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ልክ ነው ያለችው ነገር ልክ ሳይሆን ሲገኝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ደግማ ሞከረችው፤ ያው ነው። በኋላ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ወደ ልጇ ዞረች።

«አይሆንም» አለችው።

ምናለ ሸራ አምጥቶ መኪናዋን ሸፈናት፣ ሸራውን በገመድ አሰረ፣ ባጃጁን አስነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ንግሥቴ ደስ አላት። እውነቱን ስናገር በጣም ነው ደስ ያላት፤ ያን ሰሞን በግድግዳው ስታንጎራጉር እሰማ ነበር፣ እኔንም ስለ ሆዴ እያነሣች ትተርበኝ ጀመር። ውስጧን የሚቆረቁራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቃሏ ለምን እንደተበላሸ አልገባትም። ትንሽ ቆይታ ልጇን፣ ከፈለግህ ባሕር ዳር ወስደህ ሌላ ሰው ይሥራልህ አለችው። ይህን ያለችው እምቢ እንደሚላት እያወቀች ነው ባይ ነኝ። እሱም «አንቺ አይሆንም ካልሽ እኔ የት እሄዳለሁ?» አላት። ያቺ መልስ ማንጎራጎሯን አስተወቻት።

መስከረም ላይ አቶ ሃይለ ሚካኤል የሚባሉ የገጠር ሰው በቆሎ ከመድረሱ በፊት መፈልፈያ ማሽናቸውን ሊያሳድሱ መጡ። የመፈልፈያው ወንፊት የሚወዛወዘው ቡሽ በሚባል የወይራ እንጨት ቀለበት ውስጥ በሚዞር ክንድ ነው፤ ይህን ቡሽ በአገሩ እንደ ንግሥቴ የሚሠራ የለም። እንጨቱን በግርድፉ ቀርጻ ባልዲ ውኃ ውስጥ ትከተዋለች። ከቀናት በኋላ ታወጣውና የመጨረሻውን ልክ ያን ጊዜ ትቆርጣለች። የአባቷ ሥራ ነው። እኔ ስለ ግድግዳው ልጨቃጨቅ ገብቼ ቆሜ ሳለሁ ንግሥቴ ወይራውን ባልዲው ውስጥ ጣለችና እጇን ከውኃው ሳታወጣ ቀረች።

«ደረሰ፣ ይህን እንጨት ለምንድን ነው ውኃ ውስጥ የምከተው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኳት።

«ጠጥቶ ይጥገብ ብየ ነው። ሳይጠጣ ከቆረጥኩት ክረምት ሲመጣ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ብረቱን አንቆ ይይዘዋል።»

ተነሥታ ከመደርደሪያው ላይ ግንቦት ውስጥ ቀርጻ የተረፋትን አንድ የናይለን ጎሚኒ አወረደች። ልኩን በቃሏ ታውቀዋለች። በካሊፐር ለካችው። ደግማ ለካችው። ክረምቱን በሙሉ እዚያ ቁጭ ብሎ የከረመ ጎሚኒ አድጓል። እንጨት ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ቆዳም እንደዚሁ፤ ይጠጣል፣ ይጠማል። ፕላስቲክ ግን ድንጋይ ነው ብላ ስታስብ ኖራለች። ማን በሌላ ያስባል? እኔ በበኩሌ አቡጀዲ ሳላጥብና ሳይሰበሰብ አልቆርጥም፤ ናይለን ይጠጣል ብባል ግን እስቅ ነበር። እርጥበቱን ጠጥቶ አበጠ፣ ወደ ውጭ እንዳይሰፋ ቀለበቱ ያዘው፣ ወደ ውስጥ ጠበበና ቱቦውን አነቀው። ነገሩ ይኸው ነበር።

«እንግዲያው ይሠራል ማለት ነው?» አልኳት።

«አስጠጥቸ ከቆረጥኩት ይሠራል።»

እኔ ዝም እንድትል መከርኳት። ማንም አያውቅም፣ ልጅሽ ከጎንሽ ነው፣ መኪናዋ ተሸፍናለች፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር፣ ምን ጎደለሽ አልኳት። ዛሬም ቢሆን ምክሬ መጥፎ ነበር አልልም። እሷ ግን ካሊፐሩን አስቀምጣ ውጣልኝ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቀናት አለፉ፤ ቶርኖዋ ይሠራል፣ ነገር ግን ሰላምታዬን አትመልስም። ጠዋት ጠዋት ልጇ ባጃጁን ሲያስነሣ ከደጃፏ ቆማ ስታየው አያታለሁ። እሱ ደግሞ በሸራው በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ሲቃጠሉ ማየት እኔንም አንገበገበኝ።

በመጨረሻ ራሷ ወደ ሱቄ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«ሐምሌ ላይ አይሆንም ስለው እውነት ነበር» አለች። «አሁን ግን እንደሚሆን አውቄያለሁ። አውቄ ዝም ካልኩ ውሸት ነው። እሱ ደግሞ እስካሁን ያንን ቃል አምኖ ተቀምጧል። እንዲህ የሚያምነኝን ልጅ እንዴት አድርጌ ልዋሸው?»

እሷ ግን መልስ ፍለጋ አልመጣችም፤ ትልቁን ብረት ድስቷን ቶርኖ ቤቱ ድረስ እንዳደርስላት ነበር የመጣችው። ድስቱን ተሸክሜ ወጣሁ።

በመስቀል ሰሞን ሰው ሁሉ ለበዓሉ ሲያበስል ንግሥቴ ደጃፏ ላይ እሳት አንድዳ በግርድፉ የቀረጸችውን ናይለን ትቀቅል ነበር። በደጅ የሚያልፉ የማኅበር ሴቶች ንግሥቴ ዘንድሮ በዓሉን በፕላስቲክ ልትውል ነው ብለው ሳቁባት። እሷም ቅመሱልኝ ብላ ጭልፋውን ዘረጋችላቸው። ቀኑን ሙሉ አፈላችው፤ እንጨት ቢሆን በባልዲ ያድራል፣ ናይለን ግን ስስታም ነው፣ ካልፈላ ቶሎ አይጠጣም አለችኝ። ምናለ ከሥራ ሲመለስ ድስቱን አየ፣ እናቱን አየ። ሸራውን ግፈፍ አለችው። እሱም ገመዱን መፍታቱን ትቶ በቢላ በጠሰው።

ከዚያ በኋላ ያየኋትን ንግሥቴ ከዚያ በፊት አላየኋትም። የጠገበውን ናይለን ቶርኖ ላይ አሰረችና ልትቆርጠው ጀመረች። ትንሽ ትልጋለች፣ ታቆማለች፣ ትለካለች፣ ደግሞ ትንሽ ትልጋለች። አንዱ ልኩን አለፈ፤ ሳታማርር ጣለችውና ሌላ አሰረች። በፕሬስ ስታስገባው የሚያሰማውን ጩኸት ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ብራቾውን አነሣችና ለቀቀች፤ ቀስ ብሎ ወረደ። አሁን ግን አላመነችውም። ውኃ ደፋችበት፣ መኪናዋን ዝናብ ላይ አሳደረች፣ ምናለን ወንዝ አሻግረህ አምጣት ብላ ላከችው። ሲመለስ ፈታች፣ አነሣች፣ ለቀቀች። ወረደ። ከቀናት በኋላ ደገመች፤ ያው ነው። ልጇ በየቀኑ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሷ ግን ቃሏን አልሰጠችም። መልሱን በውድድሩ ቀን፣ እዚያው ቦታው ላይ እሰጥሃለሁ አለችው።

በውድድሩ ዋዜማ ሱቄን ልዘጋ ስል መጣችና በሩን ተደገፈች። ነገ ይጠይቀኛል አለች። ነገ አይሆንም ካልኩት እኮ ይመለሳል፣ አንድ ቃል ናት፣ እድሜ ልኩን አያውቅም፤ ተናድዶ ይከርምና ይረሳዋል አለች። በይው እንግዲህ አልኳት። እላለሁ አለች። እውነት እላለሁ፣ ደረሰ፣ ወስኛለሁ ብላ ሄደች። ያን ማታ ደስ ብሎኝ እራቴን በላሁ። ልጁን እኔም እወደዋለሁ።

በማግስቱ መንገዱ ዳር ሰው እንደ ጉድ ወጥቷል። ገበሬው ጥላውን ዘርግቶ ከማሳው ጫፍ ቆሟል፣ የከተማው ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጓል። መኪኖቹ በየተራ ቁልቁል ወርደው ሊመለሱ እየተንጫጩ ተሰለፉ። የምናለ ተራ ሲቃረብ ንግሥቴ አቧራው ላይ በጀርባዋ ተኝታ መኪናዋ ሥር ገባች። ጎማውን አስፈታች፣ ብራቾውን በብረት ዘንግ ፈልቅቃ ነቀነቀች፣ አነሣች፣ ለቀቀች። ከዚያ በኋላ ከመኪናው ሥር ቶሎ አልወጣችም። የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነበር፤ አይንቀሳቀስም። አስተናባሪው ፍጠኑ እያለ ይጮሃል።

ወጣች። ምናለ ጎማውን መልሶ አጥብቆ፣ የራስ ቁሩን አጥልቆ፣ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። በመስኮቱ ቀና ብሎ አያት፤ ቅንድቡ ላይ የተሰፋው ጠባሳ ይታያል።

«እምየ፣ ልክ ነው?»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅ ግን አልወጣትም። እኔ በልቤ በይው፣ በይው እላለሁ። ልጁ ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋ፤ ዝምታዋን እንደ መልስ ቆጥሮት ነበር።

«ልክ ነው» አለች። «ሂድ።»

መኪናዋ ጠጠሩን ወደ ኋላ እየረጨች ወጣች። ንግሥቴ የሸሚዜን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ፊቷ በአቧራና በግራሶ ተለውሷል፤ እንባዋ በዚያ ላይ መንገድ አውጥቶ ይወርዳል።

«አልቻልኩም» አለችኝ። «ልክ ሆነብኝ፣ ደረሰ። ምን ላድርግ፣ ልክ ሆነብኝ።»

መንገዱ ቁልቁል ሄዶ ከጉብታው ኋላ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደርሰን ድምፅ ብቻ ነው። ሌላው ሰው የሞተሩን ጩኸት ይሰማል፤ እሷ ግን የምታዳምጠው የፊት ግራውን ጎማ ብቻ ነበር። አሁን ጉድጓድ ገባ፣ አሁን ወጣ ትላለች። እጅጌዬን አልለቀቀችውም። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተቋረጠ፤ መልሶ ተሰማ። ዳገቱን ወጥቶ ብርቱካኑ ቀለም በአቧራው ውስጥ ሲታይ ጮክ ብዬ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ያን ቀለም ሳየው ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ምናለ አራተኛ ወጣ። ልዑልሰገድ አንደኛ የወጣ ያህል ጨፈረ። ልጁ የራስ ቁሩን አውልቆ ሳይወርድ እናቱ ደርሳ በመስኮቱ አንገቱን አቀፈችው። ላቡን ትስማለች፣ መልሳ ትከሻውን በጡጫ ትመታዋለች፤ ሁለቱን ባንድ ላይ። ሰው እያየ ስለሆነ ምናለ ሊያፍር ሞከረ፣ ግን አልሆነለትም።

«እምየ» አላት፣ ግንባሩን ከግንባሯ ሳያነሣ፤ «ቁልቁለቱ ላይ አልፈራሁም። የፈራሁት አንቺ ዝም ያልሽ ጊዜ ነው። አይሆንም ብትይኝ ኖሮ ሞተሩን አጥፍቸ ወርጀ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችው። «የከበደኝም እሱ ነው።»

እኔ ዓይኔን ላብስ ዞር አልኩ። ምናለ ፈራ ተባ እያለ፣ የመኪናዋ የኋላ በኩል መታጠፊያ ላይ ይወዛወዛል፣ የኋላ ጎሚኒዎቹ ገና የድሮዎቹ ናቸው አላት። ንግሥቴ ልጇን ለቀቀችና በመኪናዋ ዙሪያ ወደ ኋላ ሄደች። ጎንበስ አለች፣ የኋላውን ክንድ በእጇ ይዛ ነቀነቀች፣ ቀዳዳውን በጣቷ ዳሰሰች። ቀና ስትል እንባዋ ደርቆ ነበር።

«ሰኞ ጠዋት አምጣት» አለችው።